ባለቤትነትና ውል፦ የትንንሾቹ ጌም ኢንጂኖች ሠላሳ ዓመታት

በ2014 ስቲም በተባለው የኮምፒውተር ጌም ገበያ ላይ የወጡት አዳዲስ ጌሞች 2 ሺህ አይሞሉም ነበር፤ በ2024 ከ18 ሺህ አለፉ (እዚህ የሚጠቀሱት ቀኖች፣ ወራትና ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከጭማሪው አብዛኛው የመጣው ከትልልቅ ስቱዲዮዎች ሳይሆን ሁለትና ሦስት ሆነው፣ አንዳንዴም ብቻቸውን ከሚሠሩ ሰዎች ነው። እነዚህ ሰዎች ምስሉን፣ ድምፁን፣ እንቅስቃሴውንና የተጫዋቹን ትእዛዝ አቀናጅቶ የሚያስኬደውን ሶፍትዌር፣ ማለትም ጌም ኢንጂኑን፣ እምብዛም ከባዶ አይጽፉትም፤ ሌላ ሰው ባሰናዳው ላይ ቆመው ነው የራሳቸውን የሚሠሩት። ስለዚህ የቆሙበት መሣሪያ የማን እንደሆነና በምን ውል እንደተሰጣቸው የሥራቸውን ዕጣ ይወስናል።

ስለ ትልልቆቹ ኢንጂኖች፣ ስለ ዩኒቲና ስለ አንሪል፣ ብዙ ተጽፏል። ይህ ዳሰሳ የሚያተኩረው ከእነሱ ጎን ባደጉት፣ ስማቸው ከሙያው ውጭ ብዙም በማይሰማው መሣሪያዎች ላይ ነው። ሠላሳ ዓመቱን አንድ ላይ ሲያዩት፣ ትንንሾቹ ኢንጂኖች የተነሱትም የወደቁትም በቴክኒክ ብቃታቸው ወይም ጉድለታቸው የተነሳ እምብዛም እንዳልሆነ ይታያል። ጌም ሠሪዎች ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሌላው በብዛት የተሰደዱባቸው ወቅቶች ባለቤቱ ሐሳቡን የቀየረባቸው ወይም ውሉ የታጠፈባቸው ወቅቶች ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች የተወለዱት ጠባብ ዓላማ ይዘው ነው። በ1992 የጃፓኑ አስኪ ኩባንያ፣ ኋላ «አርፒጂ ሜከር» በሚል ስም ዓለም ያወቀውን ተከታታይ ፒሲ-98 በተባለው የአገሩ ኮምፒውተር ላይ ጀመረ፤ ኮድ የማይችል ሰው ካርታ እየሣለ፣ ገጸ ባሕርያትን እያቆመና ንግግራቸውን እየጻፈ የጀብዱ ጌም እንዲሠራ የታሰበ ነበር። በ1994 የፈረንሳዩ ክሊክቲም «ክሊክ ኤንድ ፕለይ»ን፣ በ1997 እንግሊዛዊው ክሪስ ጆንስ ለታሪክና ለእንቆቅልሽ ጌሞች የሚያገለግለውን «አድቬንቸር ጌም ስቱዲዮ»ን አወጡ። በ1999 በኔዘርላንድስ የዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ መምህር የነበሩት ማርክ ኦቨርማርስ ዛሬ ጌምሜከር የሚባለውን ለሕዝብ አቀረቡ፤ በ2004 ደግሞ አሜሪካዊው ቶም ሮታሜል እንደ መጽሐፍ ለሚነበቡ ጌሞች የተሰናዳውን ሬንፓይን ጀመረ።

አምስቱም በራሳቸው ወይም በተከታይ እትሞቻቸው ዛሬም በሥራ ላይ ናቸው። በዚያው ዘመን በብዙ ገንዘብ ተሠርተው የተረሱት ኢንጂኖች ሲታሰቡ ይህ ዕድሜ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ከጠባብነታቸው ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። አንድ ዓይነት ጌም ብቻ ለመሥራት የተሰናዳ መሣሪያ ከማንም ጋር አይሽቀዳደምም፤ ተጠቃሚዎቹም ጥቂት ቢሆኑ ጽኑ ናቸው፣ አንዱ የጻፈውን ማስተማሪያ ሌላው ይጨምርበታል። በ2011 ካን ጋኦ «ቱ ዘ ሙን» የተባለውን ጌም በአርፒጂ ሜከር ሲሠራ መሣሪያው የተፈጠረለትን ውጊያ ትቶ ካርታውን፣ ንግግሩንና ሙዚቃውን ብቻ ነው የወሰደው። የሞት አፋፍ ላይ ያለን ሽማግሌ የመጨረሻ ምኞት የሚተርከው ይህ ሥራ፣ አንድ ጠባብ መሣሪያ ከጠባብ አጥሩ ውጭ ምን ሊያበቅል እንደሚችል አሳይቷል።

ከ2005 በኋላ ያሉት ሰባት ስምንት ዓመታት መልካቸው ሌላ ነበር። አዶቢ በ2005 ማክሮሚዲያን ሲገዛ አብሮ የወሰደው ፍላሽ በድረ ገጽ ላይ ለሚጫወቱት ጌሞች ሁሉ መሠረት ነበር ማለት ይቻላል። ማይክሮሶፍት ደግሞ በ2006 ኤክስኤንኤን በነጻ አወጣና፣ በሲ ሻርፕ ኮድ የሚጽፍ ማንኛውም ተማሪ ለኤክስቦክስ 360 ጌም እንዲሠራ በር ከፈተ። ሁለቱም በኃያላን ኩባንያዎች የተደገፉ በመሆናቸው ዋስትና ያላቸው ይመስሉ ነበር፤ ሁለቱም የጠፉት ግን በኩባንያ ውሳኔ ነው። አይፎን በ2007 ሲወጣ ፍላሽን አልተቀበለም፣ የአፕሉ ስቲቭ ጆብስም በ2010 ምክንያቱን በግልጽ ደብዳቤ አሳወቀ፤ አዶቢ በ2017 ማብቂያውን አስታውቆ በ2020 መጨረሻ ዘጋው። ኤክስኤንኤም አዲስ እትም እንደማይኖረው በ2013 መጀመሪያ ታወቀ፣ ድጋፉም በ2014 ተቋረጠ።

የኤክስኤንኤ ፍጻሜ በዚህ ታሪክ ውስጥ የመጀመሪያው ትልቅ መታጠፊያ ነው፤ ምክንያቱም ከመሣሪያው ሞት በኋላ የተከሰተው ነገር ማንም ያልጠበቀው ነበር። በኤክስኤንኤ የተጻፈ ጌም በአይፎን ላይ እንዲሠራ የፈለጉ ሰዎች ከ2009 ጀምሮ የዚያኑ መሣሪያ ትእዛዞች በራሳቸው ኮድ እንደገና መጻፍ ጀምረው ነበር፤ ከዚህ ሞኖጌም ወጣ። ቆየት ብሎ ኢታን ሊ ለዋናው መሣሪያ ይበልጥ ታማኝ የሆነውን ኤፍኤንኤን ሠራ። የትእዛዞቹ ስምና አሠራር እንዳለ ስለተጠበቀ፣ ዓመታት የፈጀ ኮድ የነበረው ሰው ጌሙን እንደገና መጻፍ ሳያስፈልገው በመጠነኛ ለውጥ መሻገር ቻለ። ኤሪክ ባሮን ብቻውን ለዓመታት የለፋበት «ስታርዲው ቫሊ» በ2016 ሲወጣ የተሠራው ማይክሮሶፍት በተወው ኤክስኤንኤ ነበር፤ በ2021 ወደ ሞኖጌም ተዛወረ፣ እስከ 2024 መጨረሻ ድረስም ከ41 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። «ቴራሪያ»ና «ሴሌስት»ም ከዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ኩባንያው ትርፍ የለውም ብሎ የተወው መሣሪያ፣ ትእዛዞቹን በራሳቸው ኮድ እንደገና በጻፉ ጥቂት ፈቃደኞች ትከሻ ላይ ከኩባንያው ዕቅድ በላይ ኖረ።

በዚያው ጊዜ ትልልቆቹ ዋጋቸውን ማውረድ ጀመሩ። ዩኒቲ በ2009 ነጻ እትም አወጣ፤ አንሪል በ2014 በወር 19 ዶላር ይከፈልበት የነበረውን በ2015 ያለ ቅድሚያ ክፍያ፣ ከሽያጭ 5 በመቶ በሚታሰብ ሮያሊቲ ብቻ ለሁሉም ከፈተው። ርካሽ መሆን የትንንሾቹ ብቸኛ ብልጫ ቢሆን ኖሮ በእነዚህ ዓመታት ማለቅ ነበረባቸው። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ በጌምሜከር የተሠራው «ሆትላይን ማያሚ» በ2012፣ በክሊክቲም ፊውዥን የተሠራው «ፋይቭ ናይትስ አት ፍሬዲስ» በ2014፣ እንደገና በጌምሜከር የተሠራው «አንደርቴል» በ2015 ወጡ፤ እያንዳንዳቸውም ከእነሱ በኋላ የመጡ ብዙ ጌሞችን መልክ ቀየሩ።

ከሦስቱ መሣሪያና ሐሳብ እንዴት እንደሚገጣጠሙ በግልጽ የሚያሳየው መካከለኛው ነው። ፊውዥን በመሠረቱ ጠፍጣፋ ምስሎችን የሚያሳይ፣ «ይህ ሲሆን ያን አድርግ» በሚሉ የሠንጠረዥ መስመሮች የሚታዘዝ መሣሪያ ነው። ስኮት ካውተን በጌሙ ተጫዋቹን የሌሊት ዘበኛ አድርጎ ወንበር ላይ አስቀመጠው፤ ዘበኛው አይራመድም፣ የሚያደርገው የካሜራ ምስሎችን መቀያየር፣ መብራት ማብራትና በር መዝጋት ብቻ ነው። አስፈሪዎቹ ክፍሎችና አሻንጉሊቶች ቀድመው በሌላ የሦስት ገጽታ ሶፍትዌር ተሠርተው እንደ ፎቶግራፍ ስለሚገቡ፣ ኢንጂኑ የሚጠበቅበት ትክክለኛውን ምስል በትክክለኛው ሰከንድ ማሳየት ነው። የተጫዋቹ አለመንቀሳቀስ የፍርሃቱ ምንጭ ሆነ፤ ለመሣሪያው ደግሞ ከዚህ የተሻለ የሚስማማው ሥራ አልነበረም።

በ2015 ጆሴፍ ዋይት ያወጣው ፒኮ-8 ይህን አስተሳሰብ እስከ ጫፍ ወሰደው። ማያ ገጹ በአግድም 128 በቁመት 128 ነጥብ ብቻ፣ ቀለሙ 16፣ የአንድ ጌም መጠን ደግሞ 32 ኪሎባይት ነው። ኃያል ኢንጂኖች በነጻ በሚገኙበት ዘመን ሰው ለእንዲህ ያለ መሣሪያ ገንዘብ ይከፍላል ብሎ ማሰብ ይከብድ ነበር፤ ነገር ግን ከፈለ፣ ምክንያቱም በ32 ኪሎባይት ውስጥ የሚጀመር ሥራ ይጨረሳል። ማዲ ቶርሰንና ኖኤል ቤሪ በዚያው ዓመት በአራት ቀን የሠሩት የመጀመሪያው «ሴሌስት» የተወለደው እዚህ ነው፤ በ2018 የወጣው ሙሉ ጌም የዚያ የአራት ቀን ሥራ ልጅ ነው።

ከ2014 እስከ 2020 ያለው ጊዜ የባለቤትነት ጥያቄ በግልጽ የወጣበት ነው። በቦነስ አይረስ ሁዋን ሊኒየትስኪና አሪየል ማንዙር ለዓመታት ለራሳቸው ሥራ ሲጠቀሙበት የነበረውን ጎዶትን በ2014 መጀመሪያ ኮዱን ለሕዝብ ከፈቱት። ፈቃዱ ኤምአይቲ የሚባለው አጭር ፈቃድ ሲሆን፣ ኮዱን መጠቀም፣ መለወጥና መሸጥ ይፈቅዳል፣ ሮያሊቲም አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የፈቃዱ ጽሑፍ አብሮ እንዲኖር ብቻ ነው። ከረሜላ በማዛመድ ጌም የታወቀው የኪንግ ኩባንያ ደግሞ ዲፎልድን በ2016 በነጻ አቀረበ፤ በ2020 ኮዱን ጭምር ከፍቶ ለራሱ ለቆመ ፋውንዴሽን አስረከበ። የዲፎልድ ፈቃድ ኢንጂኑን ራሱን እንደ ዕቃ መሸጥን ይከለክላል እንጂ በእሱ የተሠራ ጌም ላይ ምንም አይጥልም።

በዚያው ወቅት ሌሎች በተቃራኒው መንገድ ሄዱ። የለንደኑ ስኪራ ኮንስትራክት 2ን አንዴ በሚከፈል ዋጋ ይሸጥ ነበር፤ በ2017 የወጣው ኮንስትራክት 3 ግን በድረ ገጽ አሳሽ ውስጥ የሚሠራና በየዓመቱ የሚከፈልበት ሆነ። ጌምሜከር ከመምህሩ እጅ በ2007 ወደ ዮዮ ጌምስ፣ በ2015 ወደ ፕሌይቴክ፣ በ2021 በ10 ሚሊዮን ዶላር ወደ ኦፔራ ተሻገረ፤ በየሽግግሩም የዋጋው ሥርዓት ይቀያየር ነበር።

ኮዱ ክፍት የሆነ ሁሉ ይኖራል ማለት ግን አይደለም። የሦስት ገጽታ ምስል መሥሪያው ብሌንደር ለዓመታት በውስጡ የራሱ ጌም ኢንጂን ነበረው፤ ኮዱም ክፍት ነበር፣ ማንም አልከለከለውም። በብሌንደር ቡድን ውስጥ የሚጠግነው ሰው ስላጣ በ2019 ከወጣው 2.8 እትም ተቆርጦ ወጣ። ኤክስኤንኤ በባለቤቱ ተጥሎ በፈቃደኞች ኖረ፣ የብሌንደሩ ደግሞ ነጻ ሆኖ ሳለ ጠባቂ አጥቶ ከብሌንደር ተወገደ። እነዚህ ሁለት ታሪኮች ጎን ለጎን ካልታዩ ስለ ክፍት ኮድ የሚባለው ሁሉ ግማሽ እውነት ነው።

ሁለተኛው ትልቅ መታጠፊያ መስከረም 12 ቀን 2023 ነው። ዩኒቲ በዚያ ቀን፣ ገቢውና የተጫነበት ብዛት ከተወሰነ ልክ ያለፈ ጌም በእያንዳንዱ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ በተጫነ ቁጥር እስከ 20 የዶላር ሳንቲም እንደሚያስከፍል አስታወቀ፤ ለነጻው እትም ተጠቃሚ ልኩ በ12 ወር 200 ሺህ ዶላር ገቢና 200 ሺህ ጭነት ነበር። ጉዳዩን ከባድ ያደረገው የገንዘቡ መጠን ብቻ አልነበረም። ቀድሞ ወጥተው በገበያ ላይ ያሉ ጌሞችም ከጥር 2024 ጀምሮ በሚጨመርባቸው ጭነት ሊከፈልባቸው ነበር፤ በአንድ ውል የተጀመረ ሥራ በሌላ ውል ሊጠየቅ ነው ማለት ነው። በነጻ የሚወርዱ የስልክ ጌሞችን የሚሠሩ ሰዎች ደግሞ ከአንድ ተጫዋች የሚያገኙት አማካይ ገቢ ከክፍያው ሊያንስ እንደሚችል ለማወቅ ብዙ ማስላት አላስፈለጋቸውም።

ኩባንያው በአሥር ቀን ውስጥ ነጻውን እትም ከክፍያው አወጣ፣ ለቀሩትም ጣሪያ አበጀ፤ በጥቅምት ዋና ሥራ አስፈጻሚው ጆን ሪቺቴሎ ለቀቁ፤ በመስከረም 2024 ክፍያው ጨርሶ ተሰረዘ። ከዩኒቲ የተነሳው ሰው ግን ሁሉ አልተመለሰም። የ«ቴራሪያ» ባለቤት ሪሎጂክ ለጎዶትና ለኤፍኤንኤ ለእያንዳንዳቸው 100 ሺህ ዶላር ሰጠ። ከሁለት ዓመት በላይ የሠራበትን ጌም ከዩኒቲ ሊያወጣ እንደሚችል በይፋ ያስጠነቀቀው ሜጋ ክሪት በ2024 «ስሌይ ዘ ስፓየር 2»ን በጎዶት እየሠራ እንደሆነ አስታወቀ። በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ጌሞች በጥቂት ቀን በሚሠሩበት የጂኤምቲኬ ውድድር በጎዶት የተሠሩት በ2021 ከአሥሩ አንድ ያህል ብቻ ነበሩ፤ በሐምሌ 2023 ከአምስቱ አንድ ያህል፣ በ2024 ደግሞ ከሦስቱ ከአንድ በላይ ሆኑ። ሁለት ዓመት የፈጀው የቀደመው ዕድገትና በአንድ ዓመት የመጣው ዝላይ ሲነጻጸሩ የውሉ መታጠፍ ያመጣው ልዩነት በግልጽ ይታያል። መጋቢት 2023 የወጣው ጎዶት 4.0 መሬቱን አዘጋጅቶ ነበር፤ ሰዉን ያንቀሳቀሰው ግን የመስከረሙ ማስታወቂያ ነው።

ሌሎቹም ጊዜውን ተጠቅመውበታል። ጌምሜከር በኅዳር 2023 ለኮምፒውተርና ለስልክ ጌሞች የየወሩን ክፍያ ትቶ ለንግድ ላልሆነ ሥራ ነጻ፣ ለንግድ ደግሞ አንዴ በሚከፈል 99.99 ዶላር ሆነ፤ በሰባት ስምንት ዓመት ውስጥ ከተወሰዱት የዋጋ ውሳኔዎች ሁሉ ለትንሹ ጌም ሠሪ የሚበጀው ይህ ይመስለኛል።

ከዚያ የካቲት 2024 መጣ። ሎካልታንክ በሚል ስም ብቻ የሚታወቅ አንድ ካናዳዊ «ባላትሮ» የተባለውን የመጫወቻ ካርታ ጌም አወጣ፤ በአንድ ወር ገደማ 1 ሚሊዮን፣ እስከ ጥር 2025 ደግሞ 5 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ። የተሠራው ከ2008 ጀምሮ ባለውና ከጌም ሠሪዎች መካከል እንኳ ብዙዎች በማያውቁት ሎቭ ነው። ሎቭ የሚያምር የመሥሪያ መስኮት የለውም፤ የሚወርደው ፋይል ጥቂት ሜጋባይት ነው፣ ቋንቋው ብራዚል ውስጥ የተወለደው ሉአ ነው። ጌም ማለት አንድ አቃፊ ነው፤ በውስጡ «ሜይን» የሚባል የጽሑፍ ፋይል አለ፣ በፋይሉም ሦስት ዋና ክፍሎች ይጻፋሉ። «ሎድ» ሲጀመር አንዴ ምስልና ድምፅ ያነሳል፤ «አፕዴት» በእያንዳንዱ ቅጽበት ያለፈውን ጊዜ ተቀብሎ ነገሮች የት እንደደረሱ ያሰላል፤ «ድሮው» ደግሞ የተሰላውን ይሥላል። የቀረውን ሁሉ ሠሪው ራሱ ይጽፋል። ይህ ሸክም ነው፤ ሆኖም ሕጉ በየካርታው ለሚለዋወጥ ጌም፣ እያንዳንዱን መስመር ራሱ የጻፈ ሰው የትኛውንም ሕግ ሊያጣምም ይችላል። ተመሳሳይ መንገድ የያዙት የሲ ቋንቋው ሬይሊብና ከ2020 ወዲህ በረስት ቋንቋ የመጣው ቤቪ ናቸው፤ ቤቪ ግን በየእትሙ ብዙ ስለሚለወጥ ረጅም ሥራ ለጀመረ ሰው አሁንም አልመክረውም።

ክፍት ኮድ ያላቸው ሁሉ የሚጋሩት አንድ እውነተኛ ድክመት የኮንሶል፣ ማለትም ለጌም ብቻ የተሠራ ማሽን፣ ጉዳይ ነው። ኔንቲዶ፣ ሶኒና ማይክሮሶፍት የመሣሪያቸውን ውስጣዊ ኮድ የሚሰጡት ምስጢር ለመጠበቅ ለፈረመ ብቻ ነው፤ ለሁሉም ክፍት በሆነ ኮድ ውስጥ ሊገባ አይችልም። ስለዚህ ጎዶት በሦስተኛ ወገን ኩባንያዎች በኩል፣ ሞኖጌምና ዲፎልድ ደግሞ በኮንሶል ባለቤቶቹ ዘንድ ለተመዘገቡ ሠሪዎች ብቻ ያንን ክፍል ያቀርባሉ። በነጻ የተጀመረ ሥራ በዚህ ደረጃ ላይ ወጪ ሊያመጣ ይችላል።

ለእኛ አገር ጌም ሠሪ ሒሳቡ ከዚህ ይለያል። እንደ ቅኔ ጌምስ ያሉ የአዲስ አበባ ሠሪዎች «ኩኩሉ»ንና «ገበጣ»ን ለስልክ ሲያወጡ እንዳሳዩት፣ በኢትዮጵያ ተጫዋቹ ያለው በስልክ ላይ ነው፤ ኮንሶል የማያስጨንቀው ሰው ከትልልቆቹ ዋና ጥቅሞች አንዱ አይመለከተውም። የሚያስጨንቀው ዶላር ነው። ሐምሌ 2024 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በዓመቱ መጨረሻ ከ120 ብር አልፏል። ያ የጌምሜከር 99.99 ዶላር ሲወጣ 5,700 ብር ግድም የነበረው፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ከ12 ሺህ ብር በላይ ሆነ፤ በየዓመቱ የሚከፈል ኢንጂን ደግሞ ይህን ጭማሪ በየዓመቱ ያስከፍላል፣ በዶላር የሚከፍል ካርድ ከተገኘ ነው ይህም። የማውረጃው መጠንም ቀላል ነገር አይደለም። ለዊንዶውስ የሚወርደው ጎዶት 100 ሜጋባይት አይሞላም፣ ዩኒቲ ከነተጨማሪዎቹ በርካታ ጊጋባይት ይወስዳል፤ በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ተማሪ ልዩነቱ የመጀመርና ያለመጀመር ነው።

ሌላው የፊደል ጉዳይ ነው፤ በዚህ በኩል ዜናው ከሚጠበቀው በላይ ጥሩ ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ እንደ ዐረብኛ ሆሄዎቹ አይያያዙም፣ እንደ ሂንዲ ቦታ አይቀያየሩም፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳሉ። ጎዶት ዐረብኛን በትክክል ለማሳየት እስከ 4.0 መጠበቅ ነበረበት፤ አማርኛን ግን በ3.0ም ፊደሉን የያዘ ፎንት ከተሰጠው ያሳይ ነበር። ሎቭም እንዲሁ ነው። በሬንፓይ አብሮ የሚመጣውን ፎንት በአቢሲኒካ ወይም በኖቶ ኢትዮፒክ መተካት ያስፈልጋል፤ ይህም ጥቂት መስመሮችን መለወጥ ነው። ጥንቃቄ የሚሻው ዲፎልድ ነው፤ በልማዱ የሚያዘጋጀው 95 የእንግሊዝኛ ምልክቶችን ብቻ ስለሆነ፣ ከሀ እስከ ፐ ያሉትን ሆሄያት፣ ዲቃሎቹንና እንደ አራት ነጥብ ያሉትን ምልክቶች ሠሪው ራሱ በፎንቱ ዝርዝር ውስጥ ማስገባት አለበት፤ ካልገቡ ጽሑፉ በስልኩ ላይ በትክክል አይወጣም። ከ300 በላይ ሆሄ ሲጨመር የፎንቱ ምስል ይገዝፋል፤ ስለዚህ ለርዕስ አንድ፣ ለንግግር አንድ መጠን ብቻ መርጦ መቆየት ያዋጣል። በፒኮ-8ቱ 128 ነጥብ ማያ ላይ ግን «ጨ»ን ከ«ጬ» መለየት ይከብዳል፤ አማርኛ ንግግር ያለው ጌም የሚሠራ ሰው ያን መሣሪያ ለልምምድ ይያዘው፣ ታሪኩን በሬንፓይ ይጻፈው።